ፌዝ ዋን የተባለው ሙከራ ለእናቴ ነው ወይስ ከእሷ በኋላ ለሚመጣው ሰው? (ማልቲፕል ማየሎማ፣ ኮምቦልቻ)

የቦርከና ዳር፦

ሰላም ለመላው አባላት። ጉዳዩ ስለሚረዝም አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እናቴ ዕድሜዋ 61 ነው። ከአራት ዓመት በፊት ወገቧን ያማት ጀመር፤ ምጣድ ላይ ማጎንበስ ሲያቅታት የእርጅና ነው እያልን፣ በቅባት እያሸናትና ማስታገሻ እየገዛን ስምንት ወር ገፋን። አንድ ቀን ከበርጩማ ስትነሳ የአከርካሪ አጥንቷ ተሰበረ፤ ደሴ ወስደን ስናስመረምራት ደሟ በጣም አንሷል፣ ኩላሊቷም ተነክቷል ተባለ። ማልቲፕል ማየሎማ የሚለውን የመቅኔ ካንሰር ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ሪፈር ተጽፎላት አዲስ አበባ ሄዳ ከመቅኔዋ ናሙና ከተወሰደ በኋላ ነው። በታሊዶማይድና በዴክሳሜታዞን ታክማ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቤቷን እንደ ቀድሞዋ ስታስተዳድር ቆየች፤ በሽታው ሲመለስ አሜሪካ ያለችው እኅቴ በላከችው ገንዘብ ቦርቴዞሚብ እየተገዛ ተሰጣትና እንደገና ቀና አለች። ባለፈው ወር በተደረገው ምርመራ ለሁለተኛ ጊዜ መመለሱ ታውቋል።

እኅቴ በምትኖርበት አካባቢ ያለ አንድ ሆስፒታል፣ የሰውነትን በሽታ መከላከያ በዚሁ ካንሰር ላይ የሚያዘምት አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ መሞከር መጀመሩን ሰምታ፣ 34 ገጽ ያለውን የስምምነት ቅጽ በቴሌግራም ላከችልኝ። ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ስለሆንኩ ቀን ቀን፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ፣ በሦስት ቀን አንብቤ ጨረስኩት። እናቴም ጥጧን እየፈተለች “እንዲያው ምን ይላል?” ትለኝ ነበር። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ “ከዚህ ጥናት በግልዎ የሚያገኙት ጥቅም ላይኖር ይችላል” የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። እሱን ሳላነብላት ወደ አሥራ ሁለተኛው ገጽ አለፍኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የምጠይቀው ይህንን ነው። የመጀመሪያ ምዕራፍ ወይም ፌዝ ዋን የሚባለው ሙከራ ለበሽተኛው የሚሰጥ ሕክምና ነው ወይስ በበሽተኛው ላይ የሚደረግ ጥናት? እናቴ ያን ሁሉ መንገድ ሄዳ መድኃኒቱ ቀርቶ ባዶ መርፌ ሊደርሳት ይችላልን? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል? ታላቅ ወንድሜ የአባታችንን ቤት ሸጠን እንላካት ይላል፤ እኔ ግን ምን እንደምንገዛ ሳላውቅ መፈረሙ አልሆንልህ አለኝ። በሙያው ያላችሁ፣ ወይም በቤታችሁ የደረሰባችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ፋርማሲስት ከአራዳ፣ ደሴ፦

ወንድማችን፣ ለእናትዎ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ለትምህርት ውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ የሙከራ መድኃኒቶች በሚዘጋጁበት ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁና ከዚያ የማውቀውን ልንገርዎ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በባዶ መርፌው ልጀምር፤ መልሱ አጭር ነው። በካንሰር የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙከራ እንደ ደንቡ የገባ ሰው ሁሉ መድኃኒቱን ያገኛል፤ ዕጣ ወጥቶ ለአንዱ አዲሱ፣ ለሌላው ነባሩ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በኋለኞቹ ምዕራፎች ነው። ገንዘብን በተመለከተ፣ የሚሞከረው መድኃኒት ራሱ በአብዛኛው በነጻ ይሰጣል፤ የአልጋው፣ የመደበኛ ምርመራው፣ የቤት ኪራዩና የመጓጓዣው ወጪ ግን አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ በሌለው ሰው ትከሻ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል፣ እኅትዎ ይህን ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ዋናው ነገር መጠኑ ነው። ፌዝ ዋን በቅድሚያ የሚመልሰው “ያድናል ወይ?” የሚለውን ሳይሆን “ስንት ቢሰጥ ሰው ይችለዋል?” የሚለውን ጥያቄ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እጅግ አነስተኛ መጠን ይሰጣቸውና ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ይታያሉ፤ ከባድ ጉዳት ካልደረሰባቸው ተከታዮቹ ከፍ ያለውን ይቀበላሉ። በጥንቱ አሠራር በየደረጃው የሚገቡት ሦስት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ክፉኛ ከተጎዳ ሌሎች ሦስት ይጨመራሉ፤ ሁለት ሰው ከተጎዳ መጠኑን ከፍ ማድረጉ በዚያው ይቆማል።

ለእናትዎ በሽታ የተሠራው ቴክሊስታማብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁለት እጅ እንዳለው ሰው የሚሠራ አንቲቦዲ (በሽታ ተከላካይ ፕሮቲን) ሲሆን፣ በአንዱ እጁ ቲ ሴል የሚባለውን የሰውነት ወታደር፣ በሌላው ደግሞ የማየሎማውን ሴል ይዞ ፊት ለፊት ያገናኛቸዋል፤ ካንሰሩን የሚገድለው የበሽተኛው የራሱ ሴል እንጂ መድኃኒቱ አይደለም። በ2017 ሙከራው ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በደም ሥር የተሰጣቸው ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.3 ማይክሮግራም ነበር። ብዙ ደረጃ ከተወጣ በኋላ የተመረጠው ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር የሚወጋ፣ ለአንድ ኪሎ 1,500 ማይክሮግራም ነው። አምስት ሺህ እጥፍ ማለት ነው! በዚህ በተመረጠው መጠን ከታከሙት 165 ሰዎች፣ ያውም ሌላው ሕክምና ሁሉ ከከዳቸው፣ በ63 በመቶው ላይ በሽታው በግልጽ ቀንሷል፤ 39 በመቶ ያህሉ ላይ ደግሞ በመደበኛው ምርመራ የማይታይ እስኪሆን ድረስ ጠፍቷል። በዚህም ውጤት መድኃኒቱ በ2022 በአሜሪካ ተፈቀደ። እንግዲህ በ0.3 የገባውም፣ በ1,500 የገባውም የፈረሙት በአንድ ጥናት ላይ ነው፤ የደረሳቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ እኅትዎ ጥናቱን የሚያስተባብሩትን ሰዎች “እናቴ የምትገባው በስንተኛው የመጠን ደረጃ ላይ ነው? ከእሷ በፊት ስንት ሰው ወሰደው? ምንስ ሆኑ?” ብለው ይጠይቁ።

ታዲያ ለምን ከዚያ ሁሉ ዝቅታ ይጀመራል የሚል ካለ፣ መጋቢት 2006 ለንደን ውስጥ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ቲጂኤን 1412 የሚባል፣ ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰርና ለመገጣጠሚያ ሕመም የታሰበ አንቲቦዲ ለስድስት ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በአሥር በአሥር ደቂቃ ልዩነት ተሰጠ። መጠኑ በእንስሳት ላይ ደህና ሆኖ ከተገኘው 500 ጊዜ ያነሰ ነበር። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስድስቱም በተራ መንቀጥቀጥና ማስመለስ ጀመሩ፤ ሁሉም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ነፍሳቸው ተርፏል፤ ከመካከላቸው ጣቶቹን ያጣ ግን አለ። ከዚያ ወዲህ ነው የመጀመሪያው ሰው ብቻውን ወስዶ፣ ውሎ አድሮ ከታየ በኋላ ሁለተኛው የሚከተለው፤ የመነሻውም መጠን “እንስሳው ስንት ቻለ?” ከሚለው ይልቅ “ሰውነት ውስጥ ትንሹን ለውጥ የሚያመጣው ስንት ነው?” በሚለው የሚሰላው።

ከሐረጎ ማዶ፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ታናሽ ወንድሜ፣ አላህ ጀነትን ይወፍቀውና፣ አውሮፓ ሳለ ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ይዞት ሁለት ጊዜ ከተመለሰበት በኋላ በእንዲህ ያለ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙከራ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እኔም አስታማሚ ሆኜ ሰባት ሳምንት አብሬው ቆይቻለሁ። የእሱ መርፌ አልነበረም። ካር ቲ ይሉታል፤ ደሙን በማሽን አሳልፈው ቲ ሴሎቹን ለቅመው ይወስዳሉ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ካንሰሩን እንዲለዩ አድርገው ያበዟቸዋል፣ ከዚያ መልሰው በደም ሥር ይሰጡታል። ሴሎቹ ተሠርተው እስኪመለሱ ያለው የአራት ሳምንት ጥበቃ ነው እንግዲህ ከሁሉ የከበደን፤ በሽታው አይጠብቅማ።

የጎንዮሽ ጉዳቱ እንደ ሌላ መድኃኒት አይምሰልዎ። ሴሎቹ በተሰጡት በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ 40 ገባ፣ የደም ግፊቱ ወረደ፣ ኦክስጅን ተደረገለት። ሐኪሙ እኔን ለማረጋጋት ይሁን ለእውነት፣ ሴሎቹ ሥራ ላይ ናቸው አለኝ። የሰጡት ቶሲሊዙማብ የሚባል የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒት ነው። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ይህ ልማድ የመጣው በ2012 ፊላደልፊያ ውስጥ ኤሚሊ ዋይትሄድ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ በዚሁ ሕክምና ልትሞት ስትደርስ በእሱ ከተረፈች በኋላ ነው።

እኔ የማልረሳው ግን ወረቀቱን ነው። በየቀኑ ነርሷ ብዕርና ወረቀት ይዛ ትመጣና ሦስት ዕቃ እያሳየች ስማቸውን ትጠይቀዋለች፤ ከመቶ አሥር አሥር እየቀነሰ ወደ ኋላ ያስቆጥሩታል፤ በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ሁልጊዜ ያንኑ። እሱ የመረጠው “የደሴ ብርድ ናፈቀኝ” የሚል ነበር፤ በአማርኛ። ሕክምናው አንጎልን ሲነካ ከሁሉ በፊት የሚያሳብቀው የእጅ ጽሑፍ ነው ይላሉ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት “የደሴ” ብሎ ቆመ፤ “ብርድ” የሚለውን ሲጀምር ፊደሉ ተንጋዶ መስመሩን ለቆ ወደ ታች ወረደ፣ የቀረውን ሊጽፈው አልቻለም። እኔ ደክሞት ነው ብዬ ነበር። አንድ የአማርኛ ፊደል የማታውቀው ነርስ ግን የትናንቱንና የዛሬውን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ አየችና ሐኪም ጠራች፤ በዚያው ሰዓት ዴክሳሜታዞን ጀመሩለት። በሦስተኛው ቀን ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ጻፈው። ወረቀቶቹ አሁንም እኔ ዘንድ አሉ።

ወንድሜ ዘጠኝ ወር ያለ በሽታ ኖሯል። ከዚያ ተመለሰበት፤ ሙከራው ከተጀመረ በአንድ ዓመት ከአምስት ወሩ አረፈ። አይቆጨኝም፣ እሱም አልቆጨውም። ነገር ግን እናትዎ ከሄዱ አብሯቸው የሚተኛ፣ ቋንቋቸውን የሚሰማ፣ ትናንት እንዴት እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው ሳያዘጋጁ እንዳይልኳቸው። እኅትዎ ሥራ ላይ ሲውሉ ማን አጠገባቸው ይሆናል? ከቤቱ ሽያጭ በፊት ይህን ተነጋገሩበት።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ደሴ፦

ከላይ የተጻፈው በጥሩ ሁኔታ ተብራርቷል። ፋርማሲስቱ ባሉት በአንድ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ በዝቅተኛው መጠን የገባ ሰው እስከ መጨረሻው በዚያው ይቀራል የሚያሰኝ ነገር አለው። ብዙዎቹ የዛሬ ጥናቶች ከፍ ያለው ደረጃ ደህና መሆኑ ሲታወቅ ቀድሞ የገባውም ሰው ወደዚያ እንዲሸጋገር ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በዝቅተኛው ደረጃ አንድ ሰው ብቻ እያስገቡ በፍጥነት ይወጣሉ። ይህ በቅጹ ላይ ተጽፎ ይገኛልና ይፈልጉት። የመጠኑ ነገር ወሳኝ ስለመሆኑ ግን ልክ ናቸው። ዳራቱሙማብ የሚባለው የማየሎማ አንቲቦዲ ለብቻው ሲሞከር፣ በኪሎ 8 ሚሊግራም ከወሰዱት መካከል የተሻላቸው 10 በመቶ፣ 16 ሚሊግራም ከወሰዱት ግን 36 በመቶ ነበሩ። ይኸው መድኃኒት በ2015 የተፈቀደው በትልልቅ የንጽጽር ጥናቶች ሳይሆን በእንዲህ ያሉ ቀዳሚ ሙከራዎች ውጤት ነው።

የመጀመሪያ ውጤት ሲያምር ደግሞ ልባችን ቶሎ እንዳይሸፍት ሌላውንም ልጥቀስ። ማግሮሊማብ የተባለው መድኃኒት ካንሰሩ “አትብሉኝ” ብሎ የሚያሳየውን ምልክት የሚሸፍን ነበር፤ በቀዳሚዎቹ ሙከራዎች ላይ የታየው ውጤት ብዙ ሐኪሞችን አስደስቶ ነበር፣ እኔም አንዱ ነበርኩ። ከነባሩ ሕክምና ጋር ሲወዳደር ግን በ2023 አንደኛው ትልቅ ጥናት ጥቅም አላሳይ ብሎ ቆመ፤ በ2024 ደግሞ በአጣዳፊ የደም ካንሰር ላይ የተደረገው፣ መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ የሞት አደጋው ከፍ ብሎ በመታየቱ ተቋረጠ።

አሁን ወደ እናትዎ ልመለስ፤ የጻፉትን ሳነብ አንድ ነገር አሳስቦኛል። በማየሎማ ላይ የሚደረጉ እንዲህ ያሉ ሙከራዎች በአብዛኛው የሚቀበሉት ሦስቱን ዋና ዋና የመድኃኒት ወገኖች ወስዶ ያልዳነ ሰው ነው፤ እነሱም የቦርቴዞሚብ ወገን፣ የታሊዶማይድና የሌናሊዶማይድ ወገን፣ ሦስተኛው ደግሞ ከላይ የጠቀስኩት ዳራቱሙማብ ያለበት ነው። እናትዎ ሁለቱን እንጂ ሦስተኛውን አልወሰዱም። በእኛ አገር ያለ በሽተኛ ያንን የሚያገኘው ስንት ጊዜ ነው? መድኃኒቱን ባለማግኘቱ ምክንያት “ገና ሕክምና ያልጨረሰ” ተብሎ የሚመለስ ሰው አለ ማለት ነው። ቪዛም ሆነ የቤት ሽያጭ ከመጀመሩ በፊት፣ እኅትዎ እናትዎ የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ከነቀኑ ልከው መስፈርቱን ያሟሉ እንደሆነ በኢሜይል ይጠይቁ፤ ይህን ለመመለስ በሽተኛው በአካል መገኘት አያስፈልገውም። አብረው የኩላሊት፣ የሄሞግሎቢንና የፕላትሌት ውጤት ይላኩ፤ ኩላሊታቸው ተነክቶ ስለነበር በዚያም ሊወድቁ ይችላሉ። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም ያሠሩ፤ በአገራችን ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል፣ እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ መከላከያውን አዳክመው የተኛውን ቫይረስ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። በቴክሊስታማብ ጥናት ከሦስት በሽተኞች ከሁለቱ በላይ የሚሆኑት ኢንፌክሽን ይዟቸዋል፤ መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ከሚያስነሳው የትኩሳት ማዕበል በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ የሚያሠጋው ይኸው ነው።

ሌናሊዶማይድ ተሰጥቷቸው እንደሆነም አልጻፉም። ከታሊዶማይድ ጋር አንድ ወገን ቢሆንም በታሊዶማይድ ያልቀነሰ በሽታ በእሱ የሚቀንስበት ጊዜ አለ፤ ከቦርቴዞሚብ ወይም ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር እየተጣመረ ይሰጣል። በእኔ ግምት አሜሪካ የሚያስኬደው መንገድ ከመታየቱ በፊት አዲስ አበባ ካለው የደም ሐኪማቸው ጋር ይህ መነጋገሪያ መሆን ነበረበት።

ሰኞ ገበያ፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የአጎቴን ልጅ የሙከራ መድኃኒት ላይ አስመዘግብሃለሁ ብሎ ለ“ፋይል ማስከፈቻ” ገንዘብ ተቀብሎት የጠፋ ደላላ አለ። እውነተኛ ሙከራ ለመመዝገቢያ አያስከፍልም። እኅትዎ የጥናቱን ቁጥር ወስደው የአሜሪካ መንግሥት ሙከራዎችን በሚመዘግብበት ድረ ገጽ ላይ ያስገቡት፤ ማን እንደሚያካሂደው፣ ሰው መቀበሉን ያቁም አያቁም፣ መስፈርቱም ሁሉ እዚያ ላይ በነጻ ይነበባል።

ፋርማሲስት ከአራዳ፣ ደሴ፦

የሐኪሙን እርማት ተቀብያለሁ። እኔ በሠራሁባቸው ጥናቶች በሽተኛ ከደረጃው አይነሳም ነበርና ሁሉም እንዲያ መስሎኝ ጻፍኩት።

የቦርከና ዳር፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እኅቴ የጥናቱን ቁጥር አግኝታ ዝርዝሩን ከተመለከተች በኋላ ለአስተባባሪዋ ጽፋላት ነበር፤ መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። ሐኪሙ እንዳሉት ነው። ዳራቱሙማብን ወይም መሰሉን ያልወሰደ ሰው አይቀበሉም። ጥናቱም ገና በሁለተኛው የመጠን ደረጃ ላይ ሲሆን እስካሁን የወሰዱት አምስት ሰዎች ናቸው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ አሥራ አንደኛውንም ገጽ አነበብኩላት። እንዝርቷን አቁማ ሰማችኝ። ትከፋለች ብዬ ስፈራ “እንዲያውም እኔ ያልወሰድኩት መድኃኒት አለ ማለት ነው?” አለችኝ። አዎ፣ አንድ ሳይሆን ሁለት አለ አልኳት። ሌናሊዶማይድ ተሰጥቷት አያውቅም፤ የድሮ ወረቀቶቿን ሁሉ አውጥቼ አየሁ። ታላቅ ወንድሜም ቤቱን ለገዢ ማሳየቱን አቁሞ፣ ሰኞ ለክሬቲኒን (ለኩላሊት) እና ለሄፓታይተስ ምርመራ ደሴ ይዟት ይሄዳል፤ የአዲስ አበባ ሐኪሟ ዘንድ ደግሞ ለመጪው ሳምንት ሐሙስ ቀጠሮ አስይዘናል። ሌናሊዶማይድን በመደበኛ መድኃኒት ቤት በኩል አግኝቶ የገዛ ሰው ካለ፣ ለአንድ ወር ስንት እንደፈጀበት ቢጽፍልኝ።